ማይክ ለምን ይጮኻል? ጩኸቱስ እንዴት ሙዚቃ ይሆናል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያም ሆነ በሐይቅ ሠርግ ወይም ስብሰባ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ተናጋሪው ማይኩን እንደያዘ ወደ ስፒከሩ ጠጋ ሲል ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይነሣል፤ ታዳሚው ጆሮውን ይይዛል፤ የድምፅ ባለሙያውም እየሮጠ ሄዶ መዘውሩን ይቀንሳል። ድምፁ ከማንም አፍ አልወጣም፤ ማንም በእጁ አልመታውም። መሣሪያው የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ፣ የሰማውንም እንደገና እያጎላ የፈጠረው ነው። የድምፅ ባለሙያዎች ይህን ክስተት ፊድባክ ይሉታል።

ብዙ ሰው ፊድባክን እንደ ብልሽት ብቻ ይቆጥረዋል። ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሙዚቃ መሣሪያ) ሲባል ደግሞ በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው የተዘጋጁ ድምፆች የተጫኑበት፣ በሠርግ ቤት ሙሉ ባንድን የሚተካው ኪቦርድ ነው። ሁለቱም አስተሳሰቦች የተሟሉ አይደሉም። ቁልፍ የሌላቸው፣ ዜማ የማይጫወቱ፣ ሥራቸው ሁሉ ያንኑ ፊድባክ ገርቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ድምፅ ማውጣት የሆነ ሲንተሳይዘሮች አሉ። በቤታቸው በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወጣቶች እነዚህን መሣሪያዎች በኢንተርኔት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት እንዴት እንደሚሠሩ ነውና፣ ይህ ማብራሪያ የተጻፈው ያንን ከሥሩ ለማስረዳት ነው።

ዘላቂ ድምፅ የሚባለው ምንድን ነው?

ሳይቋረጥ በአንድ ከፍታ ላይ የሚቆይና ሌላው ዜማ በላዩ የሚመላለስበት ድምፅ ነው። የውጭ አገር ሙዚቀኞች ድሮን ይሉታል፤ በሰማይ ከሚበረው ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም። የሕንዱ ታምቡራ ይህን ብቻ ለመሥራት የተበጀ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። የስኮትላንዱ ባግፓይፕም ዜማ ከሚያወጣው ቧንቧ ሌላ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ የሚይዙ ቧንቧዎች አሉት።

ከአገራችን መሣሪያዎች ለዚህ ባሕርይ የሚቀርበው በገና ነው። ዐሥሩ አውታሮች ብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ፣ አውታሩ በተደረደረ ቁጥር ቆዳውን እየነካ ይንዘረዘራል፤ ዝቅተኛው ድምፅ በርካታ ከፍተኛ ድምፆችን አብሮ ይዞ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በገና የሚደረደር መሣሪያ ስለሆነ እያንዳንዱ ድምፅ እንደተነሣ መድከም ይጀምራል። በዐቢይ ጾም በገና የሰማ ሰው ድምፁ የማያቋርጥ መስሎ ከተሰማው፣ ያንን ያደረገው አንዱ አውታር ሳይጠፋ ሌላውን የሚያነሡት የደርዳሪው ጣቶች ናቸው።

ጥሩ ዘላቂ ድምፅ ቆሞ የቀረ ድምፅ አይደለም፤ ከፍታው ባይለወጥም ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር አብረው ከሚወጡት ከፍተኛ ድምፆች፣ ማለትም ከቅጥያ ድምፆቹ፣ አንዱ ደመቅ ሲል ሌላው ይደበዝዛል፤ ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች ሲገናኙ ቀስ ያለ መዋዠቅ ይሰማል። የማቀዝቀዣ ሞተር ጩኸትም ዘላቂ ነው፤ ነገር ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያዳምጠውም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ፊድባክ በትክክል ምን ማለት ነው?

የአንድ ሥርዓት ውጤት ተመልሶ ለራሱ ለሥርዓቱ መነሻ ሲሆን ፊድባክ ተፈጠረ ይባላል። በሠርጉ ድንኳን ያለው መንገድ ይህ ነው፦ ማይኩ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ይለውጣል፣ አምፕሊፋየሩ ሲግናሉን ያጎላል፣ ስፒከሩ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል፣ ድምፁ በአየር ተጉዞ እንደገና ማይኩ ውስጥ ይገባል። መንገዱ ዞሮ በተነሣበት ስለሚገጥም ዑደት ይሆናል።

ዑደት መኖሩ ግን ብቻውን ድምፅ አያመጣም። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ከኋላ የሚገፋውን ሰው ማሰብ ይጠቅማል። ገፊው ኃይሉን የሚጨምረው ዥዋዥዌው ወደ እርሱ መጥቶ መመለስ በሚጀምርበት ቅጽበት ከሆነ ትንሽ ግፊት ይበቃል፤ እየመጣ ሳለ ቢገፋው ግን ያቆመዋል። ሁለተኛም ነገር አለ፤ የሚጨምረው ኃይል በገመዱ መፋተግና በአየሩ የሚባክነውን ካልተካ ዥዋዥዌው ቀስ በቀስ ይቆማል፤ በትክክል ከተካው በአንድ መጠን ይቀጥላል፤ ከበለጠ ከፍታው እየጨመረ ይሄዳል። ሰዓትና መጠን የሚባሉት እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ለኤሌክትሪክ ዑደትም የግድ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪሽ ባርክሃውዘን በሒሳብ ቋንቋ ያስቀመጣቸው እነዚሁ ናቸው፦ ሲግናሉ አንድ ዙር ጨርሶ ሲመለስ ሞገዱ ከመነሻው ሞገድ ጋር ጫፍ ለጫፍ መግጠም አለበት፤ መጠኑም ከመነሻው ማነስ የለበትም።

ሁለተኛው ሁኔታ ምን ያህል ስስ እንደሆነ በቁጥር ሲታይ ይገርማል። ሲግናሉ ዑደቱን በሰከንድ 110 ጊዜ ይዞራል እንበል። በእያንዳንዱ ዙር በ1 በመቶ ብቻ ቢያድግ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የሚያቆመው ነገር ከሌለ በ10 ሰከንድ ከ50 ሺህ እጥፍ ያልፋል። በአንጻሩ በእያንዳንዱ ዙር በ1 በመቶ ቢቀንስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛው ይወርዳል። በአንድ ሺኛ ብቻ ቢቀንስ ደግሞ ከመነሻው አንድ ሺኛ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም ለሰሚ ጆሮ በጣም በዝግታ የሚጠፋ ድምፅ ነው። በፊድባክ ሲንተሳይዘር የሚጫወት ሰው የሚሠራው በዚህች ጠባብ ድንበር አካባቢ ነው። ጀማሪዎች መዘውሩን እስከ ጥግ ያዞሩትና መሣሪያው መጮህ ብቻ እንደሚችል ይደመድማሉ፤ ድምፁ የሚያምረው ግን ለመጮህ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ማንም ሳይናገር ጩኸቱ ከየት ይጀምራል? የትስ ይቆማል?

ፍጹም ጸጥ ያለ የኤሌክትሪክ ዑደት የለም። ሙቀት ባለበት ሁሉ በሽቦና በሬዚስተር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ያለ ሥርዓት ይርመሰመሳሉ፤ ይህ መርመስመስ በአምፕሊፋየር ሲጎላ የምናውቀው የ"ሽሽሽ" ድምፅ ይሆናል። በዚያ ሽሽታ ውስጥ ሁሉም ከፍታዎች በጥቂት በጥቂቱ አሉ። ዑደቱ ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ሁኔታዎች የሚያሟላውን መርጦ ያሳድገዋል፤ ሌሎቹን ያደክማቸዋል። ስለዚህ ድምፁ ከምንም አልተፈጠረም፤ ከብዙ ተመርጦ ያደገ ነው።

እድገቱን የሚያቆመው የመሣሪያው አቅም ነው። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አምፕሊፋየር ከ9 ቮልት በላይ የሚወዛወዝ ሲግናል ማውጣት አይችልም፤ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ጫፉ ይቆረጣል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ቅርጹ ስለሚለወጥ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑ ቅጥያ ድምፆችን ይወልዳል። እነዚህ ቅጥያዎች ደግሞ ተመልሰው ወደ ዑደቱ ይገባሉ፣ እንደገና ይቆረጣሉ፣ ሌሎችንም ይወልዳሉ። በተለምዶ ጉድለት ተብሎ የሚሸሸው ይህ መቆረጥ በፊድባክ ሲንተሳይዘር ውስጥ ዋናው የድምፅ ቀለም ምንጭ ነው። ጫፉ በድንገት ከሚቆረጥ ይልቅ ቀስ ብሎ ሲለዝብ ድምፁ ስለሚሞቅ፣ መሣሪያ ሠሪዎች በዑደቱ ውስጥ ሆን ብለው ለስላሳ የሚቆርጥ ክፍል ያስገባሉ።

ድምፁ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን የሚወስነው ምንድን ነው?

በዋናነት የዑደቱ ርዝመት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ማይኩ ከስፒከሩ 3.4 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ለመድረስ አንድ መቶኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሞገዱ ጫፍ ለጫፍ የሚገጥመው በዚያች ጊዜ ውስጥ ሙሉ ቁጥር ዙሮችን ከጨረሰ ብቻ ነው፤ 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ርግብግቢት ማለት ነው)፣ 200 ኸርዝ፣ 300 ኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ያሸንፋል ቢባል፣ ማይኩ፣ ስፒከሩና አዳራሹ ተባብረው አብልጠው የሚያጎሉት ነው። በስብሰባ አዳራሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ከፍ ያለው ስለሆነ ፉጨት እንሰማለን፤ ከፍተኞቹን በማጣሪያ ብንገድባቸው ግን ያው አዳራሽ ወፍራም እምምታ ያወጣል።

በአየር ላይ የሚዞር ዑደት ከአገር አገር እንደሚለያይ ማወቅም ደስ ይላል። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው፤ የቦታው ከፍታ በራሱ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሳይሆን፣ ያን ያህል አይለውጠውም። 15 ዲግሪ በሆነ የደሴ ጠዋት ፍጥነቱ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 30 ዲግሪ በሆነ የባቲ ቀትር 349 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ርቀት የተቀመጡ ማይክና ስፒከር ደሴ ላይ 100 ኸርዝ ቢሰጡ፣ ባቲ ላይ ከ102 ኸርዝ ተኩል በላይ ይሰጣሉ። ይህ የግማሽ ድምፅ (በፒያኖ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት) እኩሌታ ሊሆን ጥቂት የቀረው ልዩነት ነው፤ ማሲንቆ የሚቃኝ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

በሲንተሳይዘር ውስጥ አየሩን የሚተካው ዲሌይ የሚባለው ክፍል ነው፤ ሥራው ሲግናሉን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ መልቀቅ ነው። 9.09 ሚሊሰከንድ የሚይዝ ዲሌይ 110 ኸርዝ ይሰጣል። ጎኑ ሌላ 9.05 ሚሊሰከንድ የሚይዝ ዲሌይ ቢቀመጥ 110.5 ኸርዝ ገደማ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በየሁለት ሰከንዱ አንዴ ከፍና ዝቅ የሚል ትንፋሽ መሰል መዋዠቅ ይፈጠራል። ከላይ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ድምፅ የተባለውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

ማሲንቆና ዋሽንት ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው?

የሚያገናኛቸው ምሳሌነት አይደለም፤ ሁለቱም በእርግጥ የፊድባክ መሣሪያዎች ናቸው። የማሲንቆ ደጋን ሙጫ የተቀባ ጭራ ስላለው አውታሩን ይይዘውና ወደ ጎን ይጎትተዋል። አውታሩ ሲያመልጥ የተነሣው ሞገድ እስከ አውታሩ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል፤ ተመልሶ ደጋኑ ጋር ሲደርስም ቀጣዩን ማምለጥ የሚያዝዘው እርሱ ነው። አዝማሪው የሚሰጠው የማያቋርጥ፣ ምንም ምት የሌለበት የእጅ ጉተታ ነው፤ ጉተታውን በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ወደሚደጋገም ርግብግቢት የሚለውጠው የሞገዱ መመላለስ ነው። በደጋን በሚመታ አውታር ላይ የሚታየውን ይህን እንቅስቃሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በዝርዝር አጥንቶታል። በዋሽንትም እንዲሁ ነው፤ የነፊው ትንፋሽ በዋሽንቱ አፍ ጠርዝ ላይ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ይላል፤ ወዲያና ወዲህ የሚመራው ደግሞ በሸምበቆው ውስጥ ተጉዞ የሚመለሰው ሞገድ ነው። ክራርና በገና ግን በዚህ ረገድ ከሌላ ወገን ናቸው፤ አንዴ ከተመቱ በኋላ ኃይል የሚጨምርላቸው የለም።

ይህን ማወቅ ለሲንተሳይዘር ተጫዋች ተግባራዊ ጥቅም አለው። ዋሽንት ነፊ ጣቱን ሳያነሣ ትንፋሹን ብቻ ሲያጠነክር ድምፁ ቀስ ብሎ አይወጣም፤ በአንዴ ወደ ላይኛው ኦክታቭ፣ ማለትም ወደ ሁለት እጥፍ ከፍታ፣ ይዘላል። የፊድባክ ሲንተሳይዘርም መዘውሩ በዝግታ ሲዞር ለጥቂት ጊዜ ምንም የተለወጠ ሳይመስል ይቆይና በድንገት ወደ ሌላ ድምፅ ይዘላል። የሚያስገርመው ሲመለስ ነው፤ መዘውሩን ድምፁ ወደዘለለበት ነጥብ ቢመልሱት የቀድሞው ድምፅ አይመጣም፤ ከዚያም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያደገ ርግብግቢት ቦታውን በቀላሉ አይለቅምና። መሣሪያው ተበላሸ ብለው የሚመልሱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

ሲንተሳይዘር ውስጥ ፊድባኩ የት ነው የሚገኘው?

አሳቡ ከሲንተሳይዘር ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1914 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሬዲዮ መቀበያ ደካማውን ሲግናል መልሶ ወደ ራሱ እየመገበ የሚያጎላ ነበር፤ መዘውሩ ከልክ ሲያልፍ መቀበያው ራሱ ማፏጨት ይጀምር ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ወዲህ ሮበርት ሙግና ሌሎች የሠሯቸው ሲንተሳይዘሮች ማጣሪያም ያንኑ ጠባይ አላቸው፤ ሬዞናንስ የተባለው መዘውር ከማጣሪያው የወጣውን ሲግናል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚገባ ይወስናል፤ በደንብ ሲከፈት ማጣሪያው ምንም ሳይገባበት ብቻውን ያዜማል።

ሌላው መንገድ አንድን ድምፅ አመንጪ በራሱ ውጤት ማወዛወዝ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲኤክስ7 ስድስት አመንጪዎች ሲኖሩት፣ አመንጪዎቹ እርስ በርስ በሚያያዙባቸው በአብዛኞቹ አደራደሮች አንዱ ከ0 እስከ 7 በሚለካ ፊድባክ ራሱን እንዲለውጥ ተደርጓል። በ0 ላይ የሚሰማው እንደ ፉጨት የጠራ ድምፅ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር እንደ ማሲንቆ ሻካራ ይሆናል፤ ጥግ ሲደርስ ወደ ሽሽታ ያደላል። ለዘላቂ ድምፅ ተብለው ከተሠሩት መካከል በስፋት የሚታወቀው የሶማ ሊራ-8 ደግሞ ስምንት አመንጪዎች አሉት፤ አንዱ ሌላውን ያወዛውዛል፣ የመሣሪያው ጠቅላላ ውጤትም በአንድ ማብሪያ ተመልሶ አመንጪዎቹን እንዲያወዛውዝ ማድረግ ይቻላል። ቁልፎች የሉትም፤ ተጫዋቹ ብረቶቹን በጣቱ ሲነካ የራሱ ቆዳ የኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ይሆናል።

ሦስተኛውና በእኔ እይታ ለትምህርት የሚሻለው ምንም አመንጪ የሌለው መንገድ ነው። ጃፓናዊው ቶሺማሩ ናካሙራ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምንም ነገር ያልተሰካበትን ሚክሰር (የተለያዩ ድምፆችን የሚያቀላቅል ዕቃ) መሣሪያው አድርጎ ይጫወታል፤ የሚክሰሩን መውጫ በኬብል ከራሱ መግቢያ ጋር ያገናኘዋል፣ የቀረውን ፊድባኩ ይሠራል። ከእርሱ በፊት ፈረንሳዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ኤልያን ራዲግ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ በማይክና በስፒከር፣ እንዲሁም በቴፕ መቅረጫዎች መካከል የሚፈጠረውን ፊድባክ በጣም ዝግ ባለ እጅ እየገራች ረጃጅም ሥራዎችን ሠርታለች።

በእጅ ባለ ዕቃ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል። ሊራ-8ን ከውጭ አስመጥቶ ለመግዛት ከመድከም በፊት፣ አሮጌ አነስተኛ ሚክሰር ያለው ሰው ብዙ ሊማር ይችላል። በቅድሚያ 48 ቮልት የሚለቀው ማብሪያ ይጠፋል፤ የስፒከሩ ድምፅ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ኦክስ ሰንድ ከሚለው ተጨማሪ መውጫ አንድ ኬብል ወደ አንደኛው ቻናል የላይን መግቢያ ይገባል። የዚያው ቻናል ኦክስ መዘውር ቀስ እያለ ሲከፈት አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ይነሣል። ከዚህ በኋላ የድምፁን ከፍታ የሚለውጡት ሃይ፣ ሚድ እና ሎው የሚሉት መዘውሮች ናቸው፤ ማሳመሪያነታቸው ቀርቶ ዑደቱ የትኛውን እንዲመርጥ የሚያዝዙ ይሆናሉ። ወፍራም ዘላቂ ድምፅ የሚፈልግ ሃይውንና ሚዱን ይቀንስ፣ ሎውን ጥቂት ይጨምር። ሁለተኛ ኬብል ወደ ሌላ ቻናል ገብቶ ሁለቱ ዑደቶች እርስ በርስ ሲቀላቀሉ አንዱ ሌላውን መጎተት፣ መምታት፣ አንዳንዴም ማፈን ይጀምራል፤ ሰዓቱ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ሚክሰር የሌለው በኮምፒውተር መሞከር ይችላል። ፒዩር ዳታ የተባለው፣ ሚለር ፓኬት በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የጀመረው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። በውስጡ አንድ ዲሌይ፣ አንድ ዝቅተኛ ድምፆችን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ አንድ መጠን የሚገድብ ክፍልና አንድ ማባዣ በክብ ይያያዛሉ፤ ለመጀመር አጭር ሽሽታ ይለቀቅበታል። ማባዣው 0.99 ላይ ይጀምርና ከ1 ጥቂት እስኪያልፍ በመቶኛ ሳይሆን በሺኛ እየተጨመረ ይሞከር። አንድ ገደብ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲግናሉን የሚሠራው 64 ናሙናዎችን (የሲግናሉን ቅጽበታዊ ልኬቶች) በአንድ ጊዜ እየያዘ ስለሆነ፣ በተለመደው በሰከንድ የ44,100 ናሙና ፍጥነት ከ1.45 ሚሊሰከንድ ያጠረ ዑደት አይሠራም፤ ይህም ማለት ከ690 ኸርዝ ገደማ በላይ መሠረታዊ ድምፅ ለማግኘት ቅንብሩን መለወጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለዘላቂ ድምፅ የሚፈለገው ከዚያ በእጅጉ የወፈረ ስለሆነ ገደቡ አያስቸግርም። መጠን የሚገድበውን ክፍል ግን መርሳት አይገባም፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃው በተለየ በኮምፒውተር ስሌት ውስጥ እድገቱን በተፈጥሮ የሚያቆም ነገር የለም።

ከቅኝቶቻችን ጋር ይስማማል?

አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ይጋራሉ፤ እነ ማሪቱ ለገሠን ያወጣው የወሎ ዘፈንም በእነዚህ ቅኝቶች የታወቀ ነው። ዘላቂ ድምፅ ከሥራቸው ሲቀመጥ አራቱም አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጡም፤ በኢንተርኔት የሚገኙ መመሪያዎች የማይነግሩን ነገር ይህ ነው።

አብዛኛው ዘላቂ ድምፅ ሁለት ድምፆችን አንድ ላይ ይይዛል፤ መነሻውንና አምስተኛውን፣ ማለትም ዶንና ሶልን። ፊድባክም ይህን ጥምረት ይወዳል፤ ሞገዱ ሲቆረጥ ከሚወለዱት ቅጥያዎች መካከል ሦስት እጥፍ የሆነው ሶል ነውና። ትልቁ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ እርስ በርሳቸው በግማሽ ድምፅ የሚጋጩ የሉትም፤ በዚህ ጥምረት ላይ ያለ ምንም ችግር ያርፋል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን፣ ሲው ከዶ ሥር በግማሽ ድምፅ ስለሚገኝ ዘፋኙ እዚያ ላይ በቆመ ቁጥር ጆሮ ወደ ዶ እንዲመለስ ይጠብቃል፤ ዘላቂው ድምፅ ያንን ናፍቆት ያጠነክረዋል።

አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። እዚህ ሁለት ግጭቶች አሉ፤ ዝቅ ያለው ሬ ከዶ ጋር፣ ዝቅ ያለው ላ ከሶል ጋር። ዶ 110 ኸርዝ ቢሆን ዝቅ ያለው ሬ 116.5 ኸርዝ ገደማ ስለሚሆን ሁለቱ አብረው ሲቆዩ በሰከንድ ስድስት ተኩል ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ሻካራ ድምፅ ይሰማል። ዘፋኙ ወይም ማሲንቆው አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብሎ ሲዜም ግጭቱ ከዘላቂው ድምፅ ቅጥያዎች ጋር ስለሚሆን ይለዝባል። በእኔ ጆሮ አምባሰል ከፊድባክ ጋር ከሁሉም በላይ የሚስማማው ስለዚህ ሻካራነት ነው፤ መሣሪያውም ቅኝቱም ከውጥረት አይሸሹም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንቺ ሆዬ ነው። ድምፆቹ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ሙሉው ሶል በውስጡ የለም። ዶንና ሶልን የያዘ ዘላቂ ድምፅ ከሥሩ ቢቀመጥ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ያለማቋረጥ ይሰማል፤ ዝቅ ካለው ሶል ጋርም ይጋጫል፤ ሰሚው ዜማው የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ዶን ብቻ መያዝ፣ ወይም ዶንና ፋን መያዝ ነው። በሁለቱም ጊዜ ማጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ሦስት እጥፍ የሆነውን ቅጥያ ማድከም ይገባል፤ አለዚያ ሶሉ ሳይጠሩት በራሱ ይመጣል።

መሣሪያዎቹን ማስማማት የሚቀለው ማሲንቆውን ከዘላቂው ድምፅ ጋር በመቃኘት ነው። አውታሩ አንድ ስለሆነና በግንዱ ላይ የድምፅ ምልክት ስለሌለው ጣት የፈለገበት ያርፋል፤ የፊድባኩ ከፍታ ግን መሣሪያው እየሞቀ ሲሄድ በጥቂቱ ስለሚንሸራተት፣ ሲንተሳይዘሩን አብርቶ ጥቂት ከቆዩ በኋላ መቃኘት ይበጃል።

ለጆሮና ለስፒከር አያሰጋም?

ሳይጠነቀቁ ከሠሩበት ያሰጋል። ድምፁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዘል ስለሚችል በጆሮ ማዳመጫ መጀመር አይመከርም፤ ከዑደቱ ውጭ፣ ከስፒከሩ በፊት፣ መጠን የሚገድብ ሊሚተር ማስገባት ከሁሉም ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ለማዳመጥ የሚፈቅደው መጠን 80 ዴሲቤል ነው፤ መጠኑ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ዘላቂ ድምፅ የማያቋርጥ ስለሆነ ጆሮ የሚያርፍበት ክፍተት አያገኝም፤ ቶሎ ስለሚለመድም ሰው ሳያውቀው መጠኑን ይጨምራል። ለስፒከር ደግሞ ፉጨቱ የከፋ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በአንድ ከፍታ የሚቆም ኃይለኛ ከፍተኛ ድምፅ ትንሿን የስፒከር ክፍል ሊያቃጥላት ይችላል።

ያገኘሁትን ድምፅ ነገ መልሼ አገኘዋለሁ?

በኮምፒውተር ከሆነ ቅንብሩንና መነሻ ሽሽታውን አስቀምጦ መመለስ ይቻላል። በሚክሰር ወይም በኤሌክትሪክ ሲንተሳይዘር ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ መዘውሮቹ ሁሉ በነበሩበት ቢሆኑም ዑደቱ የሚጀምረው ከአዲስ ሽሽታ ነው፤ ቀድሞ የነበረው ድምፅ ወደዚያ የደረሰው በመዝለሎችና በመመለሶች ቅደም ተከተል ስለሆነ ያው ቅደም ተከተል ካልተደገመ ሌላ ድምፅ ይመጣል። መዘውሮቹን ፎቶ ማንሣት የሚረዳው በከፊል ብቻ ነው። ስለዚህ መቅረጫውን ድምፁ ካማረ በኋላ ሳይሆን ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት ማስጀመር፣ የመቅረጫውንም መጠን ድምፁ ሊዘል እንደሚችል በማሰብ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጎ መተው የተሻለ ነው።